ለሎጎ ፎቶሾፕ ለምን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ዲዛይን እሠራለሁ። ባነር፣ የሠርግ ጥሪ፣ መጽሔት፣ የመጣውን ሁሉ። ይህን የምጽፍላችሁ ባለፈው ሳምንት የገጠመኝ ነገር ስላንገበገበኝ ነው።

አንድ ልጅ ሎጎ በፍላሽ ይዞ መጣ። እናቱ ለምትከፍተው ቁርስ ቤት ራሱ የሠራው ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ጀበና ናት፣ ጭሷ ወደ ላይ ሲወጣ የእናቱን ስም ይጽፋል። ግን በፎቶሾፕ ሠርቶ በ600 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ስፋት ነው ያስቀመጠው። «ጋሼ፣ 3 ሜትር ባነር ላይ ይውጣልኝ» አለኝ። ለጥጬ አሳየሁት። እያንዳንዷ ፒክስል 5 ሚሊሜትር ሆነች። የጀበናዋ አንገት እንደ ደረጃ ተሸራረፈ፣ ስሙም ጭጋግ መሰለ። ልጁ ክው አለ። ሦስት ወር ከፍሎ ሲማር ከፎቶሾፕ ሌላ የነገረው ሰው የለም።

ፎቶሾፕ ለፎቶ ነው። ለሎጎ ቬክተር የሚባለው የሥዕል ዓይነት ያስፈልጋል፤ መስመሩ በነጥብ ሳይሆን በስሌት ስለሚቀመጥ እስክሪብቶ ላይም ሕንፃ ላይም ጥርት ይላል። ፕሮግራሙ ኢሉስትሬተር ወይም ኮረልድሮው ይሆናል። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ኢንክስኬፕ በነፃ አለ። ቫይረስ ያዘለ ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም) ከመጫን እሱ በስንት ጣዕሙ! ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ፖስት ካንቫ በስልክ ይበቃል።

መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። ድሮ ባለ 80 ገጽ መጽሔት በኮረልድሮው ገጽ በገጽ ለጥፌ ሠራሁ። ደንበኛው ገጽ 12 ላይ አንድ አንቀጽ ይውጣ አለ። የቀሩትን 68 ገጾች በእጄ ስገፋ አደርኩ። የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይን ወይም ነፃው ስክራይበስ ጽሑፉን ራሱ ይስበው ነበር።

ፊደላችንንም አትርሱ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የኛ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር ሥርዓት ውስጥ አለ። ስለዚህ በዩኒኮድ ጻፉ፤ ፕሮግራሙን ከመምረጣችሁ በፊትም «ሏ»ን እና «ቿ»ን ጽፋችሁ በትክክል መውጣታቸውን ሞክሩ።

አሠልጣኞችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ተማሪው ሲመዘገብ «ምን ልትሠራበት ነው?» በሉት።

ከልጁ ጋር ጀበናዋን በኢንክስኬፕ እንደገና ሣልናት። አንገቷን ራሱ ነው ያጠማዘዘው። ባነሩ ቅዳሜ ይሰቀላል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ዲዛይነር፣ ከደሴ