ሐሙስ ኢሜይላችንን እናስተካክል

ሰላም የቤት ሽያጭ ወኪሎች፣

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በቢሮው መሰብሰቢያ ክፍል ተገናኝተን የተዝረከረከውን ኢሜይላችንን መልክ እናስይዛለን። አንድ ሰዓት ይበቃናል። ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ፤ የጂሜይል ቴምፕሌት (ተጽፎ የሚቀመጥ ዝግጁ መልስ) በስልክ አፑ ላይ የለም።

ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ሌብል (ኢሜይሎችን የሚመድብ መለያ ስም) እንከፍታለን። ከማስታወቂያ ድረ ገጾች የሚመጣውን ጥያቄ ፊልተሩ (ኢሜይል ሲገባ በራሱ የሚለየው ማጣሪያ) እንዲለየው እናደርጋለን። «ቤቱ አልተሸጠም?» ለሚለው የዘወትር ጥያቄም መልሱን አንዴ ጽፈን እናስቀምጣለን። እኔ ባለፈው ሳምንት አንድ ገዢ ያቀረበውን ዋጋ ከማስታወቂያ ኢሜይሎች መሀል ተቀብሮ ያገኘሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ስደውል ሰውዬው ሌላ ቤት ተዋውሏል።

የምንወስነውም አለ፦ ለደንበኛ ቢበዛ በምን ያህል ጊዜ እንመልስ? እኔ በሁለት ሰዓት ውስጥ ባይ ነኝ፤ ቤት እያሳየን ከሆነ ግን ይከብዳል።

መምጣት አለመምጣታችሁንና ሐሳባችሁን እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።