የወረዳው በጀት ሳይጸድቅ እንድረስ

ውድ የዕድራችን አባላት፣

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የወረዳው ምክር ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ገንዘብ ከደለደለ በኋላ ብንጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ሕዝቡ በታችኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ይላልና እንጠቀምበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ደብተር ሲንሳፈፍ በዓይናችን አይተናል! ችግኝ መትከላችን መልካም ነው፤ ነገር ግን የውኃ መውረጃው ካልተጠረገና ተዳፋቱ እርከን ካልተሠራለት ዘንድሮም ያው ነው። በአንድ ድምፅ የምንጠይቀው ይህን ይሁን።

የአዳራሻችን የይዞታ ጉዳይም አለ፤ ድንኳኑና ወንበሩ የሚቀመጥበት ቤት የሁላችንም ነውና ሰነድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በአዳራሹ እንገናኝ። በተለይ ወላጆች እንዳትቀሩ።