ክትባቱ ሲመጣ ታሪኩም አብሮት ይምጣ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ጅማ ከተማ ውስጥ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በትምህርት ቤታችን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በተሰጠ ዕለት ያየሁት ነገር እስካሁን ስለሚከነክነኝ ነው የምጽፍላችሁ።

የክትባት ሠራተኞቹ ጠዋት የበረዶ ሳጥናቸውን ይዘው መጥተው ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘረጉ። ልጆቹ ተሰልፈው፣ የዩኒፎርማቸውን እጅጌ እየጠቀለሉ፣ ጥጣቸውን ክንዳቸው ላይ ይዘው ወደ ክፍል ይመለሳሉ። ረፋድ ላይ ሂርማታ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት እያለከለኩ ደረሱና ልጃቸውን ከሰልፉ አወጧት። «ቲቸር፣ መካን ያደርጋል ብለውኛል፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» አሉኝ በኦሮምኛ። እኔም «መንግሥት የፈቀደው ነው፣ አይፍሩ» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠኋቸውም። ልጅቷ ሳትከተብ ሄደች።

አክስቴን የቀበርኩት በዚሁ በሽታ ነው። ያለጊዜው ደም ሲፈሳት፣ ዓመት ያህል «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለች ኪኒን ስትውጥ ከረመች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ይዣት ስሄድ የአውቶቡሱን ወንበር እንዳታበላሽ ፈርታ ነጠላዋን አራት አጥፋ ተቀመጠችበት። ጊቤ ላይ ሁሉም ለምሳ ሲወርድ እሷ አልወርድም አለች። ሐኪሞቹ ጋ ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

ለዚያች እናት መናገር የነበረብኝ ስለ ሃራልድ ዙር ሃውዘን ነው። እኚህ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1936 ተወልደው በ2023 ነው ያረፉት። አስቀድመው ያጠኑት በአፍሪካ ልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣውን የበርኪት ሊምፎማ ዕጢ ነበር። ከዕጢው ጋር የተያያዘው ቫይረስ (ኤፕስታይን-ባር ይባላል) በዓይን ባይታይም የዘር ቁሱ፣ ዲ.ኤን.ኤው፣ በዕጢው ሴሎች ውስጥ ተደብቆ እንደሚኖር ያሳዩት እዚያ ላይ ነው። በዚያው ዘዴ የማኅፀን በር ካንሰርን መመርመር ጀመሩ። በ1970ዎቹ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ጥፋተኛው የሄርፒስ ቫይረስ ነው ይሉ ነበር። እሳቸው ፈልገው አጡት፤ በ1974 ፍሎሪዳ በተደረገ ጉባኤ ላይ ይህንኑ ሲናገሩ አዳራሹ በዝምታ ነው የተቀበላቸው። ኪንታሮት የሚያመጣውን ቫይረስ (የቆዳውን ኪንታሮት ማለቴ ነው) ጠረጠሩ። ከኪንታሮት ያገኙትን ዓይነት በካንሰሩ ውስጥ ቢፈልጉት እሱም አልነበረም። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እዚህ ላይ የማቆም ይመስለኛል። እሳቸው ግን ከተማሪዎቻቸው ጋር ፍለጋውን ቀጠሉ፤ ከዚሁ የኪንታሮት ቫይረስ ወገን (በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. ይባላል) በ1983 ኤች.ፒ.ቪ. 16ን፣ በ1984 ኤች.ፒ.ቪ. 18ን አገኙ። ከመቶ 70 ያህሉ የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ያገኙትን ዲ.ኤን.ኤ ለጠየቃቸው ተመራማሪ ሁሉ ሰጡ። የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ከ25 ዓመት በኋላ በ2008 ነው።

ቫይረሱ ሴሉ ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውንም አሁን እናውቃለን። ፒ53 የሚባለውን ፕሮቲን ለተማሪዎቼ የሌሊት ዘብ ብዬ ነው የማስተምረው፤ የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ ያስቆማል። ቫይረሱ ይህን ዘብ ያጠፋዋል። ጉዳቱ ካንሰር እስኪሆን ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ለልጆች ክትባት፣ ለእናቶች ደግሞ በጤና ጣቢያ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። አክስቴ አንድ ቀን እንኳ ያንን ምርመራ አላገኘችም።

ክትባቱ ራሱ የተወለደው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ኢየን ፍሬዘርና ጂያን ዡ እ.ኤ.አ. በ1991 የቫይረሱን የላይኛውን ቅርፊት ብቻ፣ ውስጡ ባዶ አድርገው ሠሩት። ጂያን ዡ በ1999 በ42 ዓመቱ ሞተ፤ ክትባቱ የተፈቀደው በ2006 ነው። በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ ለበርበሬ ነጋዴዋ መዘርዘር አያስፈልግም ነበር። ጅማ ነው ያለነው፤ ቡና የማያውቅ የለም። «እናቴ፣ ይህ ፍሬው ወጥቶ ገለፈቱ ብቻ የቀረ ቡና ነው። ገለፈት ቢተክሉት አይበቅልም፤ የልጅዎ ሰውነት ግን ቡናውን በገለፈቱ ይለየዋል፤ እውነተኛው ሲመጣ ይከላከለዋል» ብላቸው ይገባቸው ነበር። ቃሉ የመጣልኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ማታ ነው።

ስለዚህ ክትባቱን የሚያስተባብሩ ሁሉ፣ የበረዶ ሳጥኑ ከመድረሱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ወላጆችን ጠርተው በኦሮምኛም በአማርኛም ያስረዱ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ከሚያጠኑት ወጣቶች አንዷ መጥታ ከልጆቹ ፊት ብትቆም፣ ከእኔ ይልቅ እሷን ይሰማሉ። እናንተም የዙር ሃውዘንን ታሪክ ለጤና ዓምዳችሁ በሁለቱም ቋንቋ ብታዘጋጁልን፣ ቆርጬ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። አንዱን ቅጂ ይዤ ደግሞ ሐሙስ ገበያ እወርዳለሁ፤ ሴትዮዋ የሚቀመጡበትን ቦታ አውቀዋለሁ።

የባዮሎጂ መምህርት
ከጅማ