ስለጎበጡት የጉማሬ ካርዶች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ስለጎበጡ ካርዶችና ስለሚመለሰው ገንዘብ

ከሰኔ ወዲህ ከመደብራችን የገዛችሁት የፖኬሞን ካርድ (ምናባዊ ፍጥረታት የተሣሉበት የጃፓን መጫወቻ ካርድ)፣ በተለይም ልጆቻችሁ «ጉማሬው» የሚሉት ሂፖፖታስ የተባለው ፍጥረት ያለበት ጎብጦባችሁ ያመጣችሁልን፣ ሐሰተኛ ነው ብላችሁም ቅሬታ ያቀረባችሁ ደንበኞች ጥቂት አይደላችሁም። ካርዶቹን አንድ በአንድ ስንመረምር ሁለት ጉዳዮች ተቀላቅለው ስላገኘናቸው ለየብቻ ልናስረዳችሁ ወደድን።

መጉበጥ የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም። እናንተ የገዛችሁት ከሥዕሉ ውጪ ያለው ገጹ የሚያብረቀርቀውን ዓይነት ሲሆን፣ ይህ ካርድ በወረቀት ላይ ስስ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ተለጥፎበት የተሠራ ነው፤ ወረቀቱ የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ ሲለጠጥ ሽፋኑ አብሮት ስለማይለጠጥ ካርዱ ወደ ፊት ለፊቱ ይጎብጣል፣ በበጋ ወረቀቱ ሲደርቅና ሲኮማተር ደግሞ ወደ ጀርባው ይዞራል። ሐይቁ ደጃችን በሆነበት ከተማ፣ ያውም በክረምት፣ ይህ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ሂፖፖታስ በጉማሬ አምሳል ይሣል እንጂ በደረቅ አገር የሚኖር፣ በላብ ፈንታ አሸዋ የሚያወጣና መርጠብ የማይወድ ፍጥረት ነው፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ እያየ ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ካርዱ ግን እርጥበት ባለመውደድ የተሣለበትን ፍጥረት መስሏል።

የጎበጠውን ካርድ በላስቲክ ማቀፊያው አድርጋችሁ በሁለት ከባድ መጻሕፍት መካከል ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት። ከዚያም በሚገጥም የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከምትገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ብታኖሩት ይበጃል። በካውያ መተኮስ ግን አይሞከርም፤ አንዲት እናት ልጃቸውን ደስ ለማሰኘት ነጠላ ደርበው የተኮሱት ካርድ ሽፋኑ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ መጥቶልናል፤ እሱን ማዳን አልተቻለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የእኛ ጥፋት ነው። ከአንድ አቅራቢ በተረከብናቸው እሽጎች ውስጥ በእርግጥም አስመስለው የተሠሩ ካርዶች ነበሩ፤ የሚገርመው ከእነዚህ አብዛኞቹ ቀጥ ብለው የቆዩ ናቸው። የጠረጠርነው ከግርጌያቸው በደቃቅ ፊደል የታተመውን ዓመት ስናነብ ነው፦ ከ1999 በቀር ሌላ ዓመት አልነበረበትም። እርግጥ ነው፣ የካርድ ጨዋታው በጃፓን የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ነው፤ በእንግሊዝኛም በ1999 ወጥቷል፤ ሂፖፖታስ ግን የተፈጠረው በ2006 በመሆኑ በ1999 ሊታተም አይችልም። ከዚያ በኋላ የስልክ መብራት ከጀርባቸው አበራንባቸው። እውነተኛው ካርድ በመሐሉ ጥቁር ንብርብር ስላለው ብርሃን እምብዛም አያሳልፍም፤ እነዚህ ግን እንደ ደብተር ወረቀት ብርሃኑን አሳለፉት። ከእውነተኛ ካርድ አጠገብ ሲቀመጡም የጀርባቸው ሰማያዊ ቀለም ደብዝዞ ይታያል፤ ልካቸውም 63 በ88 ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ሌላም ስሕተት አለብን። የሂፖፖታስን ካርድ ስለሚያብረቀርቅ ብቻ በመስኮታችን ላይ «ብርቅ» ብለን ለጥፈንበት ነበር። ከግርጌው ያለው ምልክት ግን ክብ ነው፤ ክብ ማለት የተለመደ፣ ዳይመንድ ማለት ብዙ የማይገኝ፣ ኮከብ ማለት ብርቅ ማለት ነው። ጽሑፉን አንሥተናል፤ በዚያ ዋጋ ለገዛችሁ ሁሉ፣ ካርዱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ፣ ልዩነቱን እንመልሳለን።

ስለዚህ የምትጠራጠሩትን ካርድ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይዛችሁ ብትመጡ በፊታችሁ እንፈትሻለን፤ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ደረሰኝ ሳንጠይቅ ሙሉ ዋጋውን እንመልሳለን። ካርዱንም እንደገና ለገበያ እንዳይወጣ እዚያው ቆርጠን እናስቀራለን። ልጆቻችሁ ይህን ማየት የሚከብዳቸው ከሆነ ብቻችሁን ብትመጡ ይሻላል።

ከሰላምታ ጋር
የመደብሩ ባለቤቶች