አባዬ የራዲያተሩን ታፖ እስክመጣ አትክፈተው

አባዬ እንዴት ነህ፣ ክንድህስ? እማዬ ነግራኛለች፣ እሷን እንዳትቆጣት፣ ድምጿ ሲለወጥብኝ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያወጣጣኋት። የራዲያተሩ ውሃ ገንፍሎ ሲልጥህ እጅጌህን አውርደህ ምንም እንዳልሆነ ቡናህን ጠጣህ አሉ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል እኮ አይደበቅም። ቅባት ቀብተህ አትተወው፣ ጤና ጣቢያ ሂድና ይጠብልህ፣ ዛሬውኑ።

የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ስጀምር "ቆይ እናትሽን ላገናኝሽ" ስለምትለኝ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውራዋለች፣ ትልቁ ደግሞ አያቴ በሚኒባሱ አዳማ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ይነዘንዘኛል፣ እኔም በቅርቡ እያልኩ አልፈዋለሁ።

እሺ ወደ ሞተሩ። ቡራዩ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ 100 አይደርስም። ራዲያተሩ ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ፣ ታፖው፣ አፍኖ ስለሚይዘው ብቻ ነው፣ 0.9 የሚል የግፊት ልክ የተጻፈበት ታፖ ከ110 በላይ እንኳ እንዳይፈላ ያደርገዋል። በጋለበት ስትከፍተው ግን ግፊቱ ባንዴ ይለቃል፣ ውሃው እዚያው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ አንተን ያገኘህ እሱ ነው። የላይኛውን የውሃ ጎማ፣ ማኒኮቶውን፣ ጨብጠህ እስከማያቃጥልህ ድረስ መጠበቅ ነበረብህ፣ ይህን ደግሞ እኔን ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

ሙቀቱ የሚመላለሰው ውሃ ስለጎደለ ብቻ አይመስለኝም፣ ውስጧ አየር ታምቆ ነው። ሞተሯ ከወንበር ስር ነው፣ ቱቦዎቹ ረጅም ናቸው፣ የኋላ ማሞቂያም አላት፣ አየሩ መደበቂያ አያጣም። አየር ካለ ደግሞ የሙቀት ጌጁን አትመነው፣ እንፋሎት መሃል የተቀመጠ ሴንሰር ሊዋሽ ይችላል። ስመጣ አፍንጫዋን በሩ ጋ ወዳለው ዳገት እናዞራታለን፣ ጎማው ስር ድንጋይ፣ ማሞቂያው ሙሉ ሙቅ ላይ፣ ከዚያ ኩላንቱን፣ የራዲያተር ፈሳሹን፣ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅለን ቀስ እያልን እየሞላን ማኒኮቶውን መጭመቅ ነው። ታፖው ክፍት እንደሆነ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ትነሳለች። አረፋው እየወጣ ውሃው ሲወርድ እንጨምራለን፣ 82 ዲግሪ አካባቢ ቴርሞስታቱ የውሃውን መንገድ ሲከፍት ታች ያለው ማኒኮቶም ይሞቃል፣ ማሞቂያው ትኩስ አየር መንፋት ከጀመረ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው። ጠዋት ቀዝቅዛ መጠባበቂያ ጋኑን ደግመን እናያለን። የተረፈውን ኩላንት ግቢ ውስጥ አታስቀምጡት፣ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፣ ውሻውም ልጆቹም ይጠጡታል።

የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላባት ስልህ የምትለኝን አውቃለሁ፣ ድሮም በቧንቧ ውሃ ነው የነዳሁት ትለኛለህ። ድሮ ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ አባዬ። ከሆለታ ድንች ጭነህ ስትመለስ የመናገሻ ዳገት ላይ ጋለች፣ በጋለ ሞተር ላይ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ገለበጥክባት፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተጣመመ፣ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፣ ለነርሲንግ ትምህርት የተቀመጠልኝ ብር እዚያው አለቀ። የምታበላን መኪናዋ ነበረች፣ ይገባኛል፣ ያኔም ገብቶኝ ነበር። ግን አንድ ቀን ቁጭ አድርገህ ልጄ ብርሽን ልወስደው ነው አላልከኝም። የሰማሁት ከጋራዡ ልጅ ነው፣ ምሳ ይዤላችሁ ስመጣ። መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሬ እስከዛሬ ሰው ታፖና ማኒኮቶ ሲጠይቀኝ ያ ቀን ይመጣብኛል። አልተጣላሁህም፣ ያሳደግከኝ አንተ ነህ፣ ሌሊት ተነስተህ ስትወጣ እሰማህ ነበር። ግን ዝም ብለህ አለፍከው፣ አሁን ደግሞ ክንድህን ዝም ብለህ ልታልፈው ነው።

ቅዳሜ ኩላንቱንና አዲሱን ታፖ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አታስነሳት።

ሐኪሙ ስለ ዓይንህ ያለውንም እማዬ ነግራኛለች። ከዚህ በኋላ የሆለታን መንገድ ወንድሜ ይንዳ። አንተ ከጎኑ ተቀመጥ፣ ሞተሯ ምን እንደጎደላት በድምጿ የሚያውቅ ካንተ ሌላ የለም፣ እሱ ገና ነው፣ ያስፈልግሃል ሳይሆን ታስፈልገዋለህ። ቁልፉን ስጠው አባዬ። ቅዳሜ ፊትህ ቆሜ ይህን መናገር ስለማልችል ነው አሁን የጻፍኩት።

ልጅህ