ውኃው ሲጠፋ ምክንያቱ አብሮ አይጥፋ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት የአገሪቱ የውኃ አገልግሎት ድርጅት ለሕዝቡ መረጃ የሚሰጥበት አሠራር ከልብ ስለሚያሳስበኝ ነው። ውኃ የሚያንሰው በብዙ ምክንያት መሆኑን እረዳለሁ፤ ፓምፕ ይቃጠላል፣ መብራት ይጠፋል፣ ያረጀ መስመር ይፈነዳል። መታገሥ የሚከብደው መቼ እንደሚመጣና ለምን እንደሄደ ሳይነገረን ሲቀር ነው።

በቅርቡ ቤታችን ውኃ ለአራት ቀናት ጠፍቶ ነበር። በአምስተኛው ሌሊት ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ተነሥቼ ብከፍተው መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎም እንደ ሻይ የጠቆረ ውኃ ወጣ። ውኃው ከመምጣቱ በፊት ቆጣሪውን በባትሪ ሳየው አንድም ጠብታ ሳይወርድ በአየሩ ብቻ ይሽከረከር ነበር። ጠዋት ወደ ድርጅቱ ደውዬ የጠቆረው ውኃ ይጠጣ እንደሆነ፣ በአየር የዞረውስ ቆጣሪ ይታረም እንደሆነ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ በትሕትና «እውነቱን ለመናገር የእኛም ሰፈር ጠፍቶ ነው የሰነበተው፤ ለእኛም የነገሩን ነገር የለም» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። ለሕዝቡ መልስ እንድትሰጥ ያስቀመጣት ድርጅት የምትመልሰውን መረጃ አልሰጣትም።

ጉዳዩ የጤናም ነው። ውኃ ተቋርጦ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ በየስንጥቁ ከአፈር ቆሻሻ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣውን ማፍሰስ፣ አጠራጣሪ ከሆነም አፍልቶ መጠጣት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን፣ ማለትም ጀርም እንዲገድል ከተጨመረው መድኃኒት በውኃው ውስጥ የሚቀር፣ እንዲኖረው ይመክራል። ይህ ልክ በየአካባቢው ስንት እንደሆነ ከላቦራቶሪው መዝገብ አልፎ እናት ልጇን ከማጠጣቷ በፊት ሊደርሳት ይገባል።

ዝምታ ምን እንደሚያስከትል በካናዳ ዎከርተን የተባለች ትንሽ ከተማ በግንቦት 2000 (እ.ኤ.አ.) አይታለች። የላቦራቶሪ ምርመራ ውኃው መበከሉን ካሳወቀ በኋላ የጤና ባለሙያዎች ደውለው ሲጠይቁ የውኃ አገልግሎቱ ኃላፊ ችግር እንደሌለ ነገራቸው። 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,000 በላይ ታመሙ። ውኃውን የበከለው ባክቴሪያ ነው፤ ሕዝቡ አፍልቶ እንዳይጠጣ ቀናት ያባከነው ግን እውነቱን የደበቀ ሰው ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ተመርቶ ሳይከፈልበት የሚቀረው ውኃ፣ በሙያው አጠራር ገቢ አልባ ውኃ፣ ነው። ከፊሉ በተሰነጠቀ ቧንቧ ይፈስሳል፣ ከፊሉ በሕገወጥ መስመር ይሄዳል፣ ከፊሉም ቆጣሪ ሳይቆጥረው ያልፋል። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን በ1993 (እ.ኤ.አ.) ከምታመርተው ውኃ 72 በመቶ የሚሆነው በዚህ መንገድ ይቀር ነበር። አገልግሎቱ መስመሮቹን አድሶ፣ የባለሥልጣናቱን ቤት ሳይለይ ቆጣሪ አስገብቶና ሒሳብ አስከፍሎ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ወደ 6 በመቶ አወረደው። የእኛም ድርጅት ታሪፍ ለመጨመር ሲያስብ በቅድሚያ ስንት አምርቶ ስንቱን እንዳጣ፣ ከዓምናው ምን ያህል እንዳሻሻለ ቢነግረን፣ ጭማሪው ቢከብደንም የምንከፍለው ለምን እንደሆነ እናውቃለን።

የምጠይቀው መብት እንጂ ችሮታ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማብራሪያ ስለ ውኃ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት የውኃ መብት አካል መሆኑን አስፍሯል።

ስለዚህ ድርጅቱ የፈረቃ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ፕሮግራሙ ሲፋለስም ምክንያቱንና ይመለሳል ብሎ የሚገምተውን ሰዓት ይናገር፤ ግምቱ ቢሳሳት እንኳ አርሞ መናገር ይቻላል። አቤቱታ ያቀረበ ደንበኛም መዝገብ ቁጥርና የጽሑፍ መልስ ይሰጠው። የእኔ የቆጣሪ አቤቱታ እስከ ዛሬ ሁለቱንም አላገኘም። ጋዜጣችሁም ድርጅቱ የፈረቃ ፕሮግራሙንና የውኃ ጥራት ውጤቱን በየሳምንቱ ከላከላችሁ ቋሚ ቦታ ትሰጡት ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የውኃ ደንበኛ