ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ የክረምት ንባብን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ትምህርት ሊዘጋ ስለሆነ ልጆቻችሁ በክረምቱ ምን ቢያነቡ እንደሚሻል ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። አጋዥ መጻሕፍት በየቤቱ አሉ፤ እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ልብ ወለድ ነው።

በቤተ መጻሕፍታችን ያለው «ፍቅር እስከ መቃብር» የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ በጣት ብዛት ጠቁረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ግን እንደ አዲስ ናቸው። ልጆቹ ዝናውን ሰምተው ይዋሱታል፤ ከበዛብህ ወላጆች ታሪክ ሳያልፉ ይመልሱታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ለ13 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሊሆን አይገባም። ወፍራም መጽሐፍ ጀምሮ ያቋረጠ ልጅ «እኔ ማንበብ አልችልም» ብሎ ይደመድማል፤ ይህን ከአፉ መመለስ ከባድ ነው።

ስለዚህ በአጭሩ ይጀመር። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ በጥቂት ቀናት ያልቃል። አባት በጦርነት ይማረካል፤ ልጁ ዋሕድ ያባቱን ነጻ አውጪ ውለታ ለመክፈል ወጥቶ ሳይመለስ ይቀራል፤ መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ሴት ልጆቻችን ይህችን ልጅ ቢያውቋት በጣም ደስ ይለኛል። አንዳንዱ ቃል የድሮ ስለሆነ ያስቸግራል፤ አያት በቤት ካሉ ይጠየቁ።

ለ8ኛ ክፍል ደግሞ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» አለ። ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ወጣት አገሬን ላገልግል ሲል የሚገጥመውን ይተርካል። ስለ ወደፊት ሕይወቱ ማሰብ ለጀመረ ልጅ ይስማማል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ንስ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ቅጂ ዛሬም ይገኛል። ቡና ሲፈላ አብራችሁ አዳምጡት፤ ልጁ ከፊታውራሪ መሸሻና ከጉዱ ካሣ ጋር ከተዋወቀ በኋላ መጽሐፉን ራሱ ይጠይቃችኋል። የፍቅር ታሪክ ስላለበት የምትሰጉ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከመከልከል ይልቅ አብሮ ማንበብን እመርጣለሁ፤ ልጁ ጥያቄውን ለእናንተ ያቀርባል። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ግን 11ኛ ክፍል እስኪደርሱ አቆዩላቸው፤ የጦርነቱንና የፖለቲካውን ክብደት የሚረዱት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ልብ ወለድ ይዞ የተቀመጠን ልጅ «ተነሥተህ አጥና» አትበሉት። ማጥናት ማለት ይህም ነው። አንብቦ ሲጨርስም እንደ ፈተና አትጠይቁት፤ የትኛውን ሰው እንደወደደና የትኛው እንዳናደደው ብቻ ይንገራችሁ።

መጽሐፍ መግዛት የማይመቻችሁ፣ ቤተ መጻሕፍታችን በክረምቱ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ክፍት ነው። 4 ኪሎ አካባቢ ለምትኖሩም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርባችሁ ነው። ከእኛ ለመዋስ የምትፈልጉ የተማሪውን መታወቂያ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር